ጉድጓድ የሚናፍቀው ሞተረኛ

በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ በአንድ የጥቅምት እሑድ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሞተረኛው ጌጡ መምሬ አለሙን አፈናጦ ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ ተነሣ። መምሬ የወንድማቸውን ልጅ ሊያጠምቁ ነበር። እኔም በሞተሬ ተከተልኳቸው።

ንጠቱን የሚያለዝበውን የሞተሩን የፊት ሾክ አስፈትቶ አዲስ ሞላና ዘይት ያስገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደህና መንገድ ይጠላል። ጌጡ ጉድጓድ ካመለጠው ተመልሶ ይገባበት ነበር።

«ልጄ፣ በዚያ በኩል ደልዳላ ነው እኮ!»

«በደልዳላውማ ማንም ይሄዳል፣ መምሬ! ይችን ደግሞ ይቅመሷት!»

ሞተሩ ሰመጥ ቀና ይላል፤ ጉሙ ከሥራችን ተኝቷል፤ የላስታ ተራሮች በላዩ ይንሳፈፋሉ። መምሬም እሹሩሩ እንደተባለ ሕፃን ጌጡ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ኩልመስክ ስንደርስ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቷል። ልጁን ያጠመቁት ከሙጃ ድረስ በእግራቸው የመጡ ቄስ ናቸው።