ለኮምፒውተር የተተከለ ድንኳን

እንግዳ ሲጠበቅ የሚደረገው ሽር ጉድ ከእንግዳው ይጥማል፤ አይመስላችሁም? እንግዳውማ ከመጣ በኋላ ያው እንደኛው ሰው ነው። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ እኛ ሽር ጉድ ያልነው ግን ለሰው አልነበረም። ለኮምፒውተር ነው።

ያኔ ቀራንዮ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። አንባቢ ብርቅ ስለሆነባት ልትዘጋ ነው ይባል ነበር። አንድ ቀን አለቃችን አቶ ይርጋ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ እያለከለኩ መጡ።

"ኮምፒውተር ሊሰጡን አስበዋል! የፈለጉትን መጽሐፍ በቅጽበት ያገኛል! ብቻ ክፍል ሙሉ ይይዛል አሉ፤ ሰኞ ቦታውን የሚያይ ሹም ይመጣል።"

ያለን ክፍል አንድ ነው። መጽሐፉ የት ይሂድ? አቶ ይርጋ የእድራቸውን ድንኳን ለምነው ግቢው ውስጥ አስተከሉ፤ መደርደሪያውንም አግዳሚውንም ተሸክመን እዚያ አስገባን። ክፍሉን ኖራ ቀባን። ወለሉን እያፏጨሁ ወለወልኩት፤ ሙሽራ የምቀበል ነው የመሰለኝ።

ድንኳን ደግሞ በኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ አታጡትም። ሰኞ ጠዋት ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ወለላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤት አስከትለው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ።

"ወይኔ! ማን ነው የሞተው?"

"ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ! ድንኳኑ ለኮምፒውተር ነው" አልኳቸው።

"ኮምፒውተር? ምስኪን! ልጆች አሉት?"

ሳቄ አመለጠኝ። ለቀስተኛውም ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈነዳ። ግን ድንኳን ገብተው ሳይቀመጡ መውጣት ነውር ስለሆነ ሁሉም ተቀመጠ። ዝም ብሎ ከመፋጠጥ ብዬ አንድ የተረት መጽሐፍ አነሣሁና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መንገደኛው ሳቁን እየሰማ ገባ። ድንኳኑ ጢም አለ።

ሹሙ ሲደርስ መቀመጫ አጣ። "ይህ ሁሉ…" ሊል አፉን ሲከፍት፣ እትዬ ወለላ "እሽሽ! ልጄ፣ ዝም በል፤ ቀበሮዋ ልትያዝ ነው!" አሉት። ሹሙም ጸጥ ብሎ፣ ቆሞ፣ ቀበሮዋ እስክታመልጥ አዳመጠ።

ከዚያ ወደ አቶ ይርጋ ዞረ። "ኮምፒውተሩ ሳይመጣ ይህን ያህል ሰው ከጠራ፣ ቢመጣማ የት ልታስቀምጡት ነው? ለናንተ የሚያስፈልጋችሁ ወንበር ነው።"

ኮምፒውተሩ አንባቢ ለሌለው ሌላ ቅርንጫፍ ተመደበ። እኛ አልተዘጋንም፤ ወንበርም ተላከልን። አቶ ይርጋ ትንሽ አኮረፉ፤ በኋላ ግን ኖራ የተቀባችው ክፍል ባዶዋን አሳዘነቻቸውና ፊደል ማስተማሪያ አደረጓት። የመጀመሪያዋ ተማሪ እትዬ ወለላ ናቸው። ማታ ማታ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሲጣደፉ ጎረቤት "ወዴት ነው?" ሲላቸው፣ ኮራ ብለው "ኮምፒውተር ቤት!" ይሉታል።