ማይል እንዳይባክን

በየቤተሰቡ ለማይመጣ ቀን ዕቃ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው አይጠፋም። አዲሱን ብርድ ልብስ ለእንግዳ ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍና ራሱ በተቀደደው ይተኛል። የሶፋውን ላስቲክ ሳይገነጥል ሶፋው ያረጅበታል። ጥሩ ሽቶውን ለትልቅ ቀን ያስቀምጥና ትልቁ ቀን ሲመጣ ባዶ ጠርሙስ ያሸታል። እናንተም ቤት አለ። ከሌለ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

የኛ ቤተሰብ ሰው ያስቀመጡት ግን ብርድ ልብስም ሽቶም አልነበረም። ማይል ነበር።

ክቡር አጎቴን ትልቅም ትንሽም "ካፒቴን" ይላቸዋል። አውሮፕላን ነድተው አያውቁም፤ ሥራቸው የማተሚያ ማሽን መጠገን ነበር። ማሽኖቹን የሚሸጠው ኩባንያ በየአገሩ ላሉ ማተሚያ ቤቶች ስለሚልካቸው፣ የመፍቻ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ጥፍራቸው ሥር በሳሙና የማይለቅ ጥቁር ቀለም ይዘው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲበሩ ኖሩ። ታዲያ አንድ ቀን አየር መንገዱ ቶሎ ቶሎ ለሚበር ሰው ማይል እንደሚቆጥርለት፣ ማይሉ ሲጠራቀምም ከኢኮኖሚ አስነስቶ ቢዝነስ ክላስ እንደሚያስቀምጠው ነገራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካፒቴን የድሮው ሰው አልሆኑም።

መጀመሪያ ካርዱ መጣ። ከዚያ ካርዱ ወደ ብር ደረጃ አደገ። ካፒቴንም አብረው አደጉ። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅኩበት ቀን አስተማሪዬን ሊተዋወቁ እጃቸውን ዘርግተው፣ "የልጅቷ አጎት ነኝ፤ የብር ደረጃ አባል" አሉት። አስተማሪዬ የምን አባል እንደሆኑ ስላልገባው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለላቸው። ካፒቴንም ይገባኛል በሚል ሁኔታ ተቀበሉት።

ሁለት አባባል ነበሯቸው። አንደኛው "ቀጥታ በረራ የሰነፍ ነው" የሚል ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚሄድበት ቦታ በአንድ በረራ ከደረሰ፣ በሳቸው ዓይን መንገዱን ሰርቋል። የእህቴ ሠርግ ሌላ አገር በነበረ ጊዜ ሁላችንም ቀጥታ በረርን። ካፒቴን ግን ማይሉ ይበዛል ብለው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ፊት በረሩ። አዳራሹ ሲደርሱ አስተናጋጆቹ ወንበር እየደራረቡ፣ ሙሽራይቱም ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች ነበር።

"ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?" አላቸው አባቴ።

"ሦስት ኤርፖርት አየሁ!" አሉ ካፒቴን፣ ስጦታቸውን እንዳቀፉ።

"ሠርጉንስ?"

"እሱ ፎቶ ይኖረዋል አይደል?"

ሁለተኛው አባባላቸው "ማይል እንዳይባክን!" ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ደርሼ ስመለስ እናቴ "ከሳሽብኝ" ብላ አለቀሰች፣ አባቴ ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ ካፒቴን ደግሞ በሁለቱ መሃል አንገታቸውን አስግገው "ማይሉን አስመዘገብሽ?" አሉ። አላስመዘገብኩም። መርዶ እንደሰማ ሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ" አሉ ለራሳቸው። የሄድኩት ለትምህርት እንደነበረ ያስታወሳቸው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ማይል ለማን ነው የሚያጠራቅሙት ብትሉ፣ ለእትዬ ነው።

እትዬ ሚስታቸው ናት። "አንቱ" ያላትን ሰው "ምን አረጀሁብህ?" ብላ ስለምትቆጣ ሁላችንም "አንቺ" እያልናት አደግን። ልብስ ሰፊ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረው ጉልበቷ ትንሽ ታጥፎ ከቆየ አልዘረጋም ይላል። አንድያ ልጃቸው ደግሞ አግብታ በምሥራቅ በኩል ከውቅያኖስ ማዶ ገባች። እትዬ እሷን ለማየት በሄደች ቁጥር ቀኑን ሙሉ ጠባብ ወንበር ላይ ታጥፋ ትሄዳለች፣ ደርሳም እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ይላታል። ካፒቴን ታዲያ ቃል ገቡላት። "እግርሽን ዘርግቼ፣ አስተኝቼ ነው የማሻግርሽ" አሏት። እኛ ሁላችን ባለንበት ነው ያሉት፤ ስለዚህ ቃሉ የቤተሰብ ሆነ።

ቃሉ እስኪፈጸም ልምምድ ነበረው። እሁድ ከሰዓት በኋላ የካፒቴን ሳሎን ቢዝነስ ክላስ ይሆናል። ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ፊት ለፊት ይገጠማሉ፣ መሃላቸው ዱካ ይገባል፣ ከላይ ትራስና የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። እኔና እህቴ ሆስተሶች ነን። ከእትዬ ስፌት የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ አንገታችን ላይ አስረን፣ ሻይና ብስኩት በትሪ ይዘን ወጥ ቤቱ በር ላይ ተራችንን እንጠብቃለን።

"አሁን ቁልፉን ተጫኚ" ይላሉ ካፒቴን።

እትዬ የሌለውን ቁልፍ በጣቷ ትጫናለች። ካፒቴን ጎንበስ ብለው እግሯን በሁለት እጃቸው ያነሱና ዱካው ላይ ያሳርፉታል።

"ደግመሽ ተጫኚ። ጀርባው ይተኛል።"

"ይሄ አውሮፕላን ምነው አቧራ አቧራ ሸተተኝ?"

"ተሳፋሪ አያማርርም! ሆስተስ፣ ሻይ!"

ያን ሁሉ ዓመት እሳቸው ራሳቸው ቢዝነስ ክላስ ተቀምጠው አያውቁም። የሚያውቁት ወደ ኋላ ወንበራቸው ሲያልፉ ቆም ብለው አጮልቀው ነው፤ ሆስተሷ "ይለፉ እባክዎ" እስክትላቸው። ግን የነጠላ ጫማውን ቀለም፣ የሙቅ ፎጣውን አስተጣጠፍ፣ የመብራቱን ቁልፍ ቦታ አንድ በአንድ ያስረዱ ነበር። እትዬ ሁልጊዜ ማብራሪያው መሃል እንቅልፍ ይወስዳታል። ያኔ ካፒቴን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ሬዲዮው ያመለክታሉ። "ሞተሩን ቀንሱ፤ ተሳፋሪዋ ተኝታለች" ይሉናል በሹክሹክታ። እህቴ ሬዲዮውን ትቀንሳለች፣ እኔ ብስኩቱን እበላለሁ። ከዚያ የተሻለ እሁድ እስካሁን አላየሁም።

አሁን የሰውየውን ችግር ልንገራችሁ። ማይሉ በቂ ከሆነ ቆይቷል። ካፒቴን ግን አይነኩትም። እትዬ ልጇ ጋ ልትሄድ ስትነሳ "ለመሄጃው አይሆንም" ይላሉ። "መመለሻው ይሻላል። ሲመለሱ አውሮፕላኑ ነፋስ እየገፋ ስለሚመጣ በረራው ይረዝማል። በዚያው ማይል ብዙ ሰዓት መተኛት እያለ በአጭሩ ማባከን ምንድን ነው?" መመለሻው ሲደርስ ደግሞ "አሁን ወደ ቤት ነን፤ ቤት ገብተሽ ትተኚያለሽ። ለሚቀጥለው ይሁን" ይላሉ። በሚቀጥለው መሄጃ ነፋሱ እንደገና ይነሳል። እትዬ አንድ ጊዜ "አንተ ሰው፣ ነፋስ የሌለበት አገር ብወልድልህ ይሻል ነበር" አለቻቸው። ካፒቴን ነገሩን በቁም ነገር ወስደው ሲያስቡበት አየኋቸው።

ከዚያ አንዱ መመለሻ ላይ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። አውሮፕላኑ አርፎ ሰው ሁሉ ሲወርድ እትዬ ከወንበሯ መነሳት አቃታት። ጉልበቷ ተቆልፏል። ካፒቴን ቢይዟት፣ ሆስተሷ ብታግዛት፣ አልሆነም። ተሽከርካሪ ወንበር መጣና በዚያ ወጣች። ልንቀበላቸው ኤርፖርት ቆመን ስናያት እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ግን ፈገግ ብላ "አየሽ፣ በመጨረሻ ተቀምጬ መሄድ ጀመርኩ" አለችኝ። ካፒቴን ከኋላዋ የእጅ ቦርሳዋን ይዘው ይራመዳሉ። ስለ ማይል አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ማርገዟን ነገረቻቸው። እትዬ ስልኩ ላይ እልል አለች፣ ዘግታ ግን አለቀሰች። "እኔ ከእንግዲህ አልበርም" አለች። "ልጁን ፎቶ ይላኩልኝ።"

ካፒቴን "ፎቶ" ስትል ቀና አሉ። የእህቴን ሠርግ አስታውሰው ይሁን አላውቅም። በማግስቱ ከረባት አስረው አየር መንገዱ ቢሮ ሄዱ፤ እኔም ምን ሊናገሩ ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ትኬት ቢሮ ያለችው ወጣት ኮምፒውተሯን ነካክታ ቀና አለች።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃል። ኧረ ድሮም ይበቃ ነበር! ምን ሲጠብቁ ነው?"

"ረጅም በረራ" አሉ ካፒቴን ቀስ ብለው። ከዚያ ካርዱን በቀለም በጠቆረ ጣታቸው ወደሷ ገፉት። "አፕግሬድ አድርጊልን። መሄጃውን።"

መሄጃውን አሉ! ነፋስ የማይገፋውን፣ አጭሩን። በጆሮዬ ባልሰማ አላምንም ነበር።

ሻንጣ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋቸዋል ተብሎ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ በእርግጥ ኢኮኖሚ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ። አውሮፕላኑ ተነስቶ ምግብ ከታደለ በኋላ አላስቻለኝም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አጮለቅኩ፣ ልክ እንደ ካፒቴን።

እትዬ ተኝታለች። ወንበሯ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቦ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ጥልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። ካፒቴን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጀርባውን አንድ ጣት እንኳ አላስተኙትም። ጭናቸው ላይ የሷ ነጠላ ጫማ፣ የሷ ቸኮሌት፣ የቀዘቀዘው የሷ ሙቅ ፎጣ ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ለምን አይተኙም?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

በሁለቱ ወንበሮች መሃል ያለውን ከለላ አሳዩኝ። "ከተኛሁ ይሄ ይጋርድብኛል። አትታየኝም።"

"መቼ ተኛች?"

"ገና ወንበሩ ሲዘረጋ። ምግቡ ሳይመጣ። ቁልፉን ራሷ ነው የተጫነችው።"

"ታዲያ ይቀስቅሷት እንጂ! ምንም ሳታይ እንዳትደርስ።"

ካፒቴን ብርድ ልብሱን አዩት። ከሥሩ የእትዬ እግሮች ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል።

"ጉልበቷን አየሽው?" አሉኝ። "አልባከነም።"

ሆስተሷ መጥታ "ወደ ቦታሽ" አለችኝ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ አለቀስኩ፤ ጎኔ የነበረው ሰው ፊልሙ መስሎት መሐረብ ሰጠኝ።

ስናርፍ እትዬ ነቅታ "ደረስን እንዴ? ሻዩስ?" አለች። ከዚያ ተነሳች። ቀስ ብላ፣ የካፒቴንን ክንድ ይዛ፣ በገዛ እግሯ ከአውሮፕላኑ ወጣች። በሩ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ የሚጠብቃትን ልጅ "ለደከመው ሰው ውሰድለት" አለችው። ካፒቴንስ? ካፒቴን ሻንጣ እንኳ ሳይረከቡ በቀጥታ ወደ አየር መንገዱ መስኮት ሄደው፣ በማይል አፕግሬድ የተደረገ በረራ ራሱ ማይል ያስቆጥር እንደሆነ ጠየቁ።

እትዬ የልጅ ልጇን ታቅፋ ከርማ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሌላ በረራ አልነበራትም። ካረፈች ቆይታለች፣ ዛሬም ሰማያዊ ጨርቅ ባየሁ ቁጥር ትናፍቀኛለች።

ባለፈው ከሥራ ጉዞ ስመለስ ወገቤ ተቆርጦ፣ እግሬ አብጦ፣ ከኤርፖርት ቀጥታ ካፒቴን ቤት ገባሁ። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። አገላብጠው ሳሙኝና "ማይሉን አስመዘገብሽ?" አሉ።

"አስመዝግቤያለሁ ጋሼ። ተጠራቅሟል። የብር ደረጃ ገብቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ፊት አልተቀመጥሽም?"

"በረራው አጭር ነው ብዬ..." አልኩና አፌ ውስጥ ቀረ። የማን ንግግር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ካፒቴን ምርኩዛቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው አንዱን የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መጎተት ጀመሩ። "ተዉ ጋሼ" ብል የሚሰማኝ የለም። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ተገጠሙ፣ ዱካው መሃል ገባ፣ ትራሱ መጣ። ጫማዬን አወለቅኩ።

"አሁን ቁልፉን ተጫኚ" አሉኝ።

በጣቴ አየሩን ተጫንኩት። ጎንበስ ብለው እግሬን አነሱልኝ። ዓይኔን ስጨፍን ሬዲዮው እንደ ድሮው ይንጫጫ ነበር፣ ምርኩዛቸው ወደዚያ ሲሄድ ሰማሁት።

"ሞተሩን ቀንሱ" አሉ ካፒቴን ለባዶው ሳሎን። "ተሳፋሪዋ ተኝታለች።"