ዞልፌክስ ትችያለሽ?

መርካቶ ውስጥ የማይገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አላውቅም» የሚል ሰው። ካላመናችሁ ነገ ወረድ በሉና አፋችሁ ላይ የመጣውን ዕቃ ጥሩ። ነጋዴው «የለኝም» ካላችሁ ከምላሴ ላይ ጸጉር ይነቀል። «ቁጭ በሉ፣ ይመጣል» ይልና በርጩማ አቅርቦላችሁ ውልቅ ይላል፤ ከዚያ ከጎረቤት ያመጣላችኋል። ለዕቃ ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ችግሩ ምክርም እንደዚሁ ከጎረቤት ማምጣታቸው ነው።

የአስረኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ከድር አባቴን ልጅ ጠየቁት። ለጋብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ከድር ተክለ ሃይማኖት ጋ ማተሚያ ቤት አላቸው፤ ከሠርግ ጥሪ እስከ ዕድር ደብተር የማያትሙት ነገር የለም። ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ ተይባ ገጹን የምታሳምር ልጅ ይፈልጋሉ። «ክረምቱን ተምራ መስከረም ላይ ትምጣ» አሉ።

አባዬ ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ይሸጣል። ይቺ ሥራ ካመለጠችኝ ዕጣዬ የታወቀ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ ባለ ሁለት ቀዳዳ ቁልፍ ከባለ አራት ቀዳዳው መለየት። ሁለት ክረምት ለይቻለሁ። በሕልሜም ቀዳዳ ነው የማየው።

«ከፍዬ የማስተምርሽ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው» አለኝ አባዬ። «መርጠሽ ነይ።»

በምን ልምረጥ? ኮምፒውተር እኮ ነክቼ አላውቅም። ሰው ጠየቅኩ። ጥፋቴም እዚህ ጋ ይጀምራል።

የጥሪ ካርድ የሚሸጠው ሰውዬ ኮረል ካልሆነ ቤትሽ ቁጭ በይ አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ፔጅሜከር ነው አሉ፤ ማስረጃቸው የእህታቸው ልጅ እሱን ተምሮ ጥሩ ሚስት ማግባቱ ነው። ፎቶ ቤቱ ፎቶሾፕ አለ። ሻይ ቤት ያለው ደግሞ ሳልጠይቀው ዎርድ ይበቃሻል አለኝ። አንዱ የነገረኝን ለሌላው ስነግር፣ ሲታጠብ የሚለቅ ጨርቅ ይዤ የመጣሁ ይመስል ከንፈር ይመጡልኛል። ከመሃላቸው አንድ እንኳ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የለም። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲያዞሩኝ ሰነበቱ። ነደደኝ።

እኔ ደግሞ ሲነድደኝ ተንኮል ይመጣብኛል። አንድ ጠዋት እትዬ ዘነበች ሱቃችን ገብተው ምክራቸውን እንደ አዲስ ሲጀምሩልኝ፣ ከጀርባቸው የተደረደረው የዚፕ ካርቶን ላይ ዓይኔ አረፈ። በትልልቁ «ዞልፌክስ» ይላል።

«እትዬ፣ ዞልፌክስስ እንዴት ነው?»

ዓይናቸውን አላሹም። «እሱማ ጥሩ ነው» አሉ። «ለጀማሪ ግን ትንሽ ከባድ ነው።»

ሳቄን ለመዋጥ ጎንበስ ብዬ የሌለ ቁልፍ ፈለግኩ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተራውን አዳረስኩት። ፎቶ ቤቱ አዲሱን ነው አሮጌውን ብሎ ጠየቀኝና አሮጌው ጠንካራ እንደሆነ አስረዳኝ። የካርድ ሻጩ ድሮ ይሠራበት እንደነበር፣ ዓይኑን ስላመመው ብቻ እንደተወው ነገረኝ። ተክለ ሃይማኖት ያለው ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ድረስ ሄጄ መምህሩን፣ ቲቸር ሳምሶንን፣ ዞልፌክስ ታስተምራላችሁ ወይ አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገና «በቅርቡ እንጀምራለን» አለ። ሆዴን ይዤ ወጣሁ።

ስወጣ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ጋሽ ከድር ማተሚያ ቤት እዚያው ቅርብ ነው። ሰው ከምጠይቅ ለምን ማሽኑን አላየውም? በመስኮት አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፔጅሜከር ነው። አለቀ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ይሄን ባደርግ ኖሮ ስንት ከንፈር መጠጣ ይቀርልኝ ነበር።

እዚያው ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ፣ ተማርኩ። ቀልድ አይደለም፣ የምሬን ነው የተማርኩት። በዝናብ፣ በጭቃ፣ መብራት ሲጠፋ ገጹን በእስክርቢቶ ደብተሬ ላይ እየሣልኩ። በመጨረሻ የሠርግ ጥሪ ሥሪልን ብትሉኝ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ አምሮ ይወጣል። ዞልፌክስን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

መርካቶ ግን የተጠየቀችውን አትረሳም።

መስከረም ጠብቶ ሰርተፊኬቴን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ፔጅሜከር። ጎበዝ፣ ጎበዝ። ዞልፌክስስ ትችያለሽ?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የለም።»

«እንዴት የለም? ተራው በሙሉ የሚያወራው እሱን ነው።»

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አባዬ ሱቅ ካለው የዚፕ ካርቶን ላይ አንብቤ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ መሰለኝ፤ በቆጡኝ ይሻል ነበር። እንደ በሽተኛ አዩኝ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያላወቅሽውን ነገር የለም አትበይ። ማወቅ ካማረሽ ይሄ ጥሩ ጸባይ አይደለም። እሱንም ጨርሺና ነይ።»

ያን ጊዜ ነው ከጀርባቸው ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችውን ልጅ ያየኋት። ሃያት ትባላለች፤ እዚያው ማሠልጠኛ ከኔ ኋላ ትቀመጥ ነበር። ሰርተፊኬቷ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማኅተም አለው። «ዞልፌክስ፣ ደረጃ ሁለት» ይላል። ቀና ብላ አየችኝ፣ ወዲያው ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ስክሪኑ ላይ ያለው ፔጅሜከር ነው።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአባዬ ዘረገፍኩለት። ይስቃል ብዬ ነበር። ካርቶኑን ከመደርደሪያ አውርዶ አገላብጦ አየውና «እነዚህ ሰዎች ኮምፒውተርም ይሠራሉ ማለት ነው» አለ። ደግሞ ኮራ ብሎ። አንድ ፕሮግራም ብቻ ይለኝ የነበረው ሰውዬ ለሁለተኛው ሊከፍል በገዛ አፉ እሺ አለ።

እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? ቁልፍ መለየቱን እስከ እሑድ እቀጥላለሁ፤ ሰኞ ዞልፌክስ እጀምራለሁ። ቲቸር ሳምሶን ሲመዘግበኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ለጀማሪ ትንሽ ከባድ ነው አለኝ።