የደረጃችን ክቡር ችሎት

ጎረቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሚያስቸግር፣ ሌላው እያስቸገረ ሕግ የሚጠቅስ። ከመጀመሪያው በር ዘግቶ ማምለጥ ይቻላል። ሁለተኛው ግን በር መዝጋትህንም ወንጀል ያደርገዋል።

ለእኛ ሕንፃ የደረሰው ሁለተኛው ነው፤ ክቡርነታቸው ጋሼ ይግባኝ! ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። እኩዮቻቸው ካርታ ሲጫወቱ እሳቸው በየማለዳው ከረባት አስረው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ከሳሽ አይደሉም፣ ተከሳሽ አይደሉም፣ ምስክርም አይደሉም። የኋላ ወንበር ላይ ተሰይመው የሰው ክርክር ሲያዳምጡ ይውላሉ። እዚያ ጠዋት የተፈረደው ሁሉ ማታ እኛ ደረጃ ላይ ይጸናል።

ሁለት ወንድማማቾች በወፍጮ ተካስሰው እንደሆነ፣ ማታውኑ የልብስ ማስጫ ገመዳችን "የጋራ ንብረት" ይሆንና ካልሲ ማስጣት ያስጠይቃል። የሰው ውሻ የሰው ዶሮ በልቶ ካሳ ተፈርዶ እንደሆነ፣ የላይኛው ፎቅ ድመት ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። "በሕግ አምላክ!" ይሏታል ጣታቸውን ቀስረው። ድመቷ ቀጥ ትላለች። ከነዋሪው ሁሉ የምታከብራቸው እሷ ብቻ ናት።

የእኔ ፍዳ ሬዲዮ ነው። ግድግዳው ይደበደባል።

"ጎረቤት፣ ድምፁን!"

"ጋሼ፣ ዜና እኮ ነው።"

"ዜናም ቢሆን ሁከት ይወገድልኝ!"

ባለቤታቸውንማ አያድርገኝ። ወጡ ላይ ጨው በዛ ብለው ፈርደው፣ "ይግባኝ ማለት ትችያለሽ" ይሏቸዋል።

"ይግባኙ ያው አንተው ጋ አይደል? ዝም ብለህ ብላ!"

ዝም ብለው ይበላሉ።

ይህን ችለን ስንኖር፣ ባለ ሕንፃው ምድር ቤት ያለችውን ልብስ ሰፊ ሊያስወጣ ተነሳ። ክፍሉን ለወንድሙ ልጅ ፈለገው፤ በቃ። ውሏ ገና አላለቀም፤ ለእሱ ግን ውል ማለት ተከራይ ብቻ የሚታሰርበት ገመድ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ተሸካሚ ይዞ መጣና የስፌት መኪናዋን ወደ ዝናቡ ያስወጣ ጀመር። ያቺ መኪና ውሃ ከገባት የሴትዮዋም የልጆቿም ጉሮሮ ተዘጋ።

"ጌታዬ፣ ውሌ እኮ አላለቀም!"

"ታዲያ ክሰሺኛ!" አለ እየሳቀ። "እስኪፈረድልሽ ዝናቡ ያባራል።"

ሕዝቡስ? መጋረጃ ገልጦ አየ። የባንክ ሠራተኛው አየ። መምህሩም አየ፤ "አይ ጊዜ!" አለና መጋረጃውን መለሰ። ለአንድ ካልሲ አንገት ለአንገት የሚተናነቅ ሕዝብ፣ ጎረቤቱ በቀን ብርሃን ስትገፋ ዓይኑን ያዞረዋል!

ከረባቱ ከደረጃው ወረደ። ጋሼ ይግባኝ በሩ መሃል ቆሙ።

"በሕግ አምላክ!"

ተሸካሚዎቹ መኪናዋን እንዳንጠለጠሉ ቀጥ አሉ። እንደ ድመቷ።

"የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የታለ?"

"አንተ ሽማግሌ፣ ምን አገባህ?"

"ያገባኛል! ባለፈው በወፍጮው ጉዳይ ተወስኗል!"

ወፍጮ ከስፌት መኪና ጋር ምን እንዳገናኘው እስከ ዛሬ የገባው የለም። ባለ ሕንፃው ግን ጥፋቱን ከማንም በላይ ያውቃልና ሳቁ ጠፋ።

"የቱ ወፍጮ?"

"እሱን ዳኛው ፊት ትሰማዋለህ!"

"ጋሼ፣ እኛ የለንበትም" አለ አንዱ ተሸካሚ፤ መኪናዋም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ያንኑ ዕለት ጋሼ ልብስ ሰፊዋን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። እግድ ተሰጣት፤ ዛሬም መኪናዋ ምድር ቤት ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዳኛው ግን የወፍጮውን ነገር እንዲያነሱ አልፈቀዱላቸውም። ጋሼ ይህን እንደ ግፍ ቆጥረውታል።

ትናንት ከሥራ ገብቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። ግድግዳው ዝም አለ። ድምፁን ጨመርኩ፤ ዝም። እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት፤ አሁንም ዝም። ምን ሆነው ይሆን? ጫማዬን ሳላስር ሮጬ በራቸውን ደበደብኩ።

"ጉንፋን ጥሎት ነው" አሉኝ ባለቤታቸው በሩን ከፍተው።

ከጓዳ የጎረነነ ድምፅ መጣ፦

"ማነው በር የሚሰብር? ሁከት ይወገድልኝ!"

ተመስገን ብዬ ተመለስኩና ሬዲዮውን ቀነስኩ።