የቲቤት ጉብኝት በኮዝሞ ሲቲ

ባህል ማለት ሩቅ አገር ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም በኮሮና ጊዜ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ኮዝሞ ሲቲ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ መስፍን የቲቤትን ባህል ለማየት ከስድስት ሰዎች ጋር ተመዝግቦ ነበር። ድንበር ሲዘጋ ቲቤታዊቷ አስጎብኚ ጉብኝቱን በስልክ ቪዲዮ አደረገችው።

በዕለቱ መስፍን ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለበሰ። መንገደኛ ነዋ! እኔና ባለቤቱ አልማዝ ድምፅ ላናሰማ ቃል ገብተን ከጎኑ ተቀመጥን።

አስጎብኚዋ የተቆላ ገብስ ዱቄት ላይ ጨውና ቅቤ ያለበት ሻይ ጨምራ በእጇ ታሸው ጀመር።

"አያችሁ? እንዲህ ያለ ነገር የት ይገኛል?" አለ መስፍን።

አልማዝ ትንሽ ታገሠች፤ አልሆነላትም። "መስፌ፣ ይኼ እኮ በሶ ነው!"

"ዝም በይ፣ ይሰማሉ!"

ሰምተዋል። አስጎብኚዋ አልማዝ ምን እንዳለች ጠየቀችኝና በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ደስ ብሏት "እባክዎ ያሳዩን!" አለች። አልማዝ በሶዋን ከጓዳ አውጥታ መጨበጥ ስትጀምር ስድስቱም ጎብኚዎች ስክሪናቸው ላይ ተደፉ፤ ጥያቄውም ጎረፈ።

ይኼኔ አንድ ደንበኛ በሱቁ መስኮት በዙሉ ሰላምታ "ሳውቦና!" ብሎ ተጣራ። መስፍን እንደ ልማዱ ሚስቱን አየ።

"አንተ ሂድና ሽጥ" አለችው ቀና ሳትል፤ "እኔ እንግዶች አሉብኝ።"