የአቶ ሳህሌ ቻርጀሮች

በዚህ ከተማ ለራሱ ደህና ዕቃ መግዛትን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ሰው የሌለበት ቤት የለም። ታውቁታላችሁ። እጀታው የተሰበረው ኩባያ የእሱ ነው፤ እግሩ የሚወላገደው ወንበር የእሱ ነው፤ መነጽሩ በክር ታስሮ ጆሮው ላይ ይንጠለጠላል። "ለምን አትቀይረውም?" ሲሉት እንደተሰደበ ሰው ቀና ይልና "ይሠራል እኮ!" ይላል። እውነትም እስኪፈነዳ ድረስ ይሠራል። ሲፈነዳ ግን የሚደነግጠው እሱ አይደለም፤ ሚስቱ ናት።

ለመሰለች የደረሷት ባል አቶ ሳህሌ ናቸው።

አቶ ሳህሌ የቃሊቲ ሰው፣ የተሳቢ ሹፌር፣ የጅቡቲ መንገድ ባለማዕረግ ናቸው። መኪናውን ያከብራሉ። ጎማው ሳይላጭ ያስቀይራሉ፣ ዘይቱን ቀኑን ሳያሳልፉ ያስለውጣሉ፣ በፍሬን ቀልድ አያውቁም፤ መኪናው የሰው ነዋ! ስልኩ ግን የራሳቸው ነው። ስልኩን የሚሞላው ቻርጀርም የራሳቸው ነው። የራሳቸው የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ የሚገዛው ከመንገድ ላይ ነው።

ግዢው የራሱ ሥርዓት አለው። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ ሻጮች ማስቲካና የመሪ ልብስ፣ ሽቶና ቻርጀር አንግተው በመኪኖቹ መሀል ይሽሎከለካሉ። አቶ ሳህሌ ከጋቢናቸው ከፍታ ላይ ሆነው እንደ ዳኛ ቁልቁል ያያሉ።

"ቀዳዳው ስንት ነው?"

"አራት ነው ፋዘር! አራት ስልክ ባንዴ!"

"መብራት አለው?"

"ሰማያዊ! ጋቢናውን ጭፈራ ቤት ነው የሚያደርገው!"

በአቶ ሳህሌ ሚዛን የቻርጀር ደህንነት የሚለካው በቀዳዳው ብዛትና በመብራቱ ድምቀት ነው። ያላቸው ስልክ አንድ ነው።

ሻጩ ዕቃውን አጠገባቸው በቆመች ትንሽ የቤት መኪና ላይ ሰክቶ ያሳያቸዋል። ይበራል። አቶ ሳህሌም ይረካሉ። የቤት መኪና ኤሌክትሪክ አሥራ ሁለት ቮልት፣ የእሳቸው ተሳቢ ግን ሃያ አራት መሆኑን ከእሳቸው አብልጦ የሚያውቅ የለም። ለመኪናው አምፖል ሲገዙ "የሃያ አራቱን ስጠኝ" ብለው ነው፤ የአሥራ ሁለቱን ያቀበላቸውን ባለሱቅ ሲሰድቡ መንገደኛ ቆሞ ይሰማል። ቻርጀር ላይ ሲደርሱ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት ይተኛል። መሰለች አንድ ቀን ብትጠይቃቸው መልሳቸው እንዲህ ነበር፦

"እሱ ለስልክ ነው እንጂ ለመኪና አይደለም።"

"የሚሰካው የት ነው ታዲያ?"

"አንቺ ሴት፣ ሃያ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ!"

አንደኛው ቻርጀር እስከ ሞጆ ድረስ እንደ ተቃጠለ ጎማ ሸተተ። "አዲስ ስለሆነ ነው" አሉ። ሌላው ሲሰካ ሬዲዮው ውስጥ ንብ ገባ፤ አቶ ሳህሌ ዜናውን በንብ ድምፅ መሀል እየለቀሙ እስከ ጠረፉ ጋላፊ ደረሱ። ሌላው ከቀዳዳው ጋር አልተስማማ ብሎ፣ በታጠፈ የሲጋራ ካርቶንና በፕላስተር አስረው፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ በጉልበታቸው ደግፈው ይነዱ ነበር። አንዱማ እየተሞላ ነው የሚል ምልክት እያሳየ ስልኩን የሚያስርብ ነበር፤ ሰክተውት በሄዱ ቁጥር ባትሪው ይወርዳል። ቀልጦ ከቀዳዳው ጋር የተጣበቀውን በፒንሳ ሲያወጡ አውራ ጣታቸው ተቃጠለ። መሰለች ቅባት እየቀባች "እሳት ቢነሳስ?" ስትላቸው፣ ጣታቸውን እንደ ሜዳሊያ አንስተው እያዩ "ተነሳ እንዴ?" አሉ።

መሰለችስ? የሹፌር ሚስት መንገዱን በጆሮዋ ነው የምትሄደው። "ሞጆን አለፍኩ" ሲላት ሞጆን ታልፋለች፤ "አዋሽ ገባሁ" ሲላት ራቷን ትበላለች። በአቶ ሳህሌ ቻርጀሮች ዘመን ግን መሰለች ከመተሐራ አልፋ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ስልኩን የምታነሳው ያቺ ሴት ናት፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም" የምትለዋ። መሰለች ከባሏ ድምፅ ይልቅ የእሷን ለመደችው። እሷ እንኳ አንድም ቀን ባትሪ አልቆባት አያውቅም።

አንቱታው እዚህ ላይ ይቅር። ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር አይሆንም።

የሳህሌ እናት ያረፈችው እሱ በመመለሻ መንገድ ላይ ሳለ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መሰለች ልትለው ያሰበችው "እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ና" ብቻ ነበር። ደወለች። ያቺ ሴት አነሳች። የእድሩ ዳኛ ደወለ። ያቺው ሴት። የዘመድ ሽማግሌዎች መክረው ቀብሩን ወደ ማግስቱ አሻገሩት፤ አንድ ልጇ ነው፣ አፈር ሳያለብሳት እንዴት ይሆናል ብለው። በማግስቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። ሳህሌ ገዋኔ ላይ ጎማ ሲቀይር እንደቆየ የተሰማው በኋላ ነው። የሰው ስልክ ተውሶ እንዳይደውል እንኳ፣ የማንንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም፤ የሚስቱም ቁጥር ያለው በሞተው ስልክ ውስጥ ነው። ቀበሯት።

ሲመጣ ከጋቢናው ላይ ድንኳኑን አየና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"የማን ለቅሶ ነው?" ብሎ ጠየቀ። በራፉ የራሱ መሆኑን ያስተዋለው ከጠየቀ በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ እናቱ አርፋ መቀበሯን ነገሩት። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እንዲያለቅስ ጠበቀው። መሰለችም ጠበቀች። ሳህሌ ግን ከወንዶቹ መሀል ተቀመጠ። "ሳትሰቃይ ነው የሄደችው። ምንም አይደለም" አለ። ከዚያ የሞተውን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየው፣ "ቻርጀር የያዘ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ።

መሰለች ይህን ይቅር አላለችውም። ቀብር ስላመለጠው አይደለም፤ "ምንም አይደለም" ስላለ። ድንኳን ሲያፈርስ፣ ወንበር ሲመልስ፣ እያየች በሆዷ "ይኼ ሰው ለእናቱም እንባ ይቆጥባል" አለች።

ቢሆንም ዳግም እንዳይጠፋባት፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ቻርጀር ልትገዛ ራሷ ገበያ ወጣች። ሙህዲን መናኸሪያው አካባቢ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው፤ ሳህሌ ከመንገድ ሻጮች ያጣ ዕለት ከእሱም ይገዛል።

"ያጥናችሁ፣ እትዬ መሰለች" አላት።

"አሜን። አንተም ያንን ቆሻሻ ትሸጥለታለህ አይደል?"

"እኔ ምን ላድርግ? ጋሽ ሳህሌ የሚያውቁት የታችኛውን መደርደሪያ ነው። ከላይ ያለውን ሳሳያቸው 'እሱ ለሚገባው ሰው ነው፣ ለእኔ አይሆንም' ይሉኛል።"

"የላዩን አውርድ።"

አወረደ። መሰለች መዳፏ ላይ አድርጋ መዘነችው። የሳህሌዎቹ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለሉ ነበሩ፤ ይኼኛው ክብደት አለው። ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው፤ ውስጡ የሚንኳኳ የለም። መነጽሯን አድርጋ ጎኑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት ፈለገች።

"አሥራ ሁለት ነው የሚለው!"

"ከጎኑ ይዩ፣ ጭረቷን አልፈው። ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት ነው። ለትንሹም ለትልቁም መኪና ይሆናል። ጫፉ ላይ ፊውዝ አለው፤ ኃይል ቢበዛ እሱ ይቃጠላል እንጂ ስልኩ አይነካም።"

"ቀዳዳው ሁለት ነው። ሳህሌ አራት ካላየ አያምንም።"

"ያቺኑ ትንሽ ኃይል እኮ ነው አራቱ የሚሻሙት! አንዱ የስልካቸው ልክ ከሆነ ይበቃል። ገመዱም ይኸው፣ ወፍራምና አጭር።"

መሰለች በቃል አላመነችም። ከሱቁ ፊት ለፊት ተሳቢ ያቆመ ሹፌር ለምና አሰካችው። ጥብቅ አለ፤ አልተወዛወዘም። ስልኳን ሰክታ፣ ሹፌሩ ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር እየደጋገመች ዳሰሰችው። ለብ አለ እንጂ አልፈጀም። ሬዲዮ አስከፈተች። ንብ የለም።

በጉዞው ጠዋት ጋቢናው ውስጥ ወጥታ በእጇ ሰካችው። የቀሩትን አሮጌዎች በፌስታል ሰበሰበች።

"ይኼማ መብራት የለውም!" አለ ሳህሌ።

"መብራት ከፈለግክ ቀን ቀን ንዳ።"

"ቀዳዳውም ሁለት ብቻ!"

"ስልክህ አንድ፣ ሚስትህ አንድ። ሁለተኛው ለማን ነው?"

ሳህሌ ቻርጀሩን በጣቱ ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበ። "እንዲህ ያለ ደህና ዕቃ ለእኔ ምን ያደርጋል?" አለ፤ አባባሉ እንደ ቁጣ አልነበረም።

ያን ጊዜ መሰለች መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄደች። ሞጆን አለፈች፣ አዋሽ ገባች፣ ሚሌ ደረሰች፣ ጋላፊ ላይ ሰው ሲሰለፍ ድምፁን ሰማች። ሳህሌ እንደ ሐኪም "ባትሪው መቶ ነው" እያለ ሪፖርት ያደርግ ጀመር። ሲመለስም ደወለ፤ "ሚሌ ምሳ ልበላ ነው" አለ። ከዚያ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ብትደውል ያቺ ሴት። አሁንም ብትደውል ያቺ ሴት። መሰለች ሙህዲንን ረገመች፣ ላዩንም ታቹንም መደርደሪያ ረገመች። ቀጥሎ መርገሙን ትታ የነጠላዋን ጫፍ እያጣመመች ቆመች። እሳት ተነስቶ እንደሆነስ?

የማታውቀው ቁጥር ጠራ።

"እትዬ መሰለች ነዎት?"

"ማነህ? ሳህሌ ምን ሆነ?"

"ኧረ ደህና ናቸው እትዬ፣ አይደንግጡ! ኦልጅራ እባላለሁ፣ እኔም ሹፌር ነኝ። መኪና አቁሜ ነው የምደውለው። እናቴ አዳማ ሆስፒታል ገብታለች። ስልኬ ሞቶ ከትናንት ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም ነበር። ሚሌ ደግሞ መብራት የለም። ምግብ ቤት ውስጥ ቻርጀር ስጠይቅ ጋሽ ሳህሌ ሰሙኝ። ምሳቸውን ትተው ወጡና ከመኪናቸው ነቅለው ሰጡኝ።"

"ነቅሎ?"

"ነቅለው። 'ልመልስልዎ' ብላቸው 'ያንተ ነው' አሉ።"

"እሱስ በምን ሊሞላ?"

"'እኔ ሌላ አለኝ፣ ወንበር ሥር ደብቄያለሁ፣ ይሠራል' አሉኝ።"

መሰለች ዓይኗን ጨፈነች፤ ያ ስልኩን የሚያስርበው መሆን አለበት። "ታዲያ ስልኩ ሳይሞት ለምን ራሱ አልደወለም?"

"'ትቆጣኛለች' አሉ። 'ቁጥሯን ያዝ፣ አንተ ንገርልኝ' አሉኝ።"

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። "እናትህስ?"

"አናገርኳት እትዬ! ድምፅዋን ሰማሁ። እስክደርስ ትጠብቀኛለች።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሳናግራት ጋሽ ሳህሌ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስጨርስ ጋቢናቸው ገቡ። ላመሰግናቸው ብሄድ መሪው ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ። እንደዚያ ሲያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ብቻቸውን ትቼ መሄድ ከበደኝ፤ ግን 'ሂድ፣ እናትህ ጋ ሂድ' ብለው ጮኹብኝ። እና… ሲመጡ እንዳይቆጧቸው ብዬ ነው።"

መሰለች ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። ከድንኳኑ ቀን ጀምሮ የያዘችው ቂም ወዴት እንደሄደ አላወቀችም። ብቻ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ መናኸሪያው ወረደች።

ሙህዲን ሲያያት ከመቀመጫው ተነሳ። "ተበላሸ እንዳይሉኝ!"

"አልተበላሸም። ተሰጠ። ያንኑ ዓይነት ሁለት ስጠኝ።"

"መኪናው አንድ አይደል? ሁለቱ ምን ያደርጋል?"

"አንዱን ለሰው ይሰጠዋል።"

ሙህዲን ሁለቱን አውርዶ በፌስታል መክተት ጀመረ። መሰለች እያየችው አሰበች። ሳህሌን ታውቀዋለች፤ ሁለተኛውንም ለለመነው ሁሉ ነቅሎ ሲያቀብል ታያት።

"ቆይ፣" አለች እጁን ይዛ፣ "ሦስት አድርገው።"