የአባባ ስክሪን

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ የጣለኝ ሶፋው ላይ ነው፤ ሕልሙንም ያየሁት እዚያው ነው።

አመሻሹን የአባባን ኮምፒውተር ስነካካ ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት አራሚነት የጨረሱ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። የሰው መልክ እንኳ ከደበዘዘባቸው ቆይቷል። የሚያነቡት ሊነክስ የተባለውን ሲስተም በጫንኩላቸው ኮምፒውተር፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊደሉን ነጭ አድርጌ ሳገዝፍላቸው ብቻ ነው። ትናንት «ትንሽ ተለቅ ቢልልኝ» አሉኝ። የስክሪኑን ሴቲንግ ስቀያይር አምሽቼ ጋደም አልኩ።

በሕልሜ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ሰዎች በየግድግዳው ተሰቅለዋል፤ ስክሪኖች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። እኔንም ሰቀሉኝ። አንድ ወፍራም ስክሪን መነጽሩን አስተካክሎ ጠጋ አለኝ።

«ሪዞሉሽንህ፣ የምስል ጥራትህ፣ ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«ካላወቀ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት» አለ ለባልደረቦቹ።

ወዲያው ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣበቁ። አፍንጫዬ አራት ማዕዘን ሆነ። ከጎኔ የተሰቀለች ሴትዮ በሐዘኔታ አየችኝ።

«እኔንም እንዲህ አድርገውኝ ልጆቼ አላውቅሽም አሉኝ» አለች።

«ከዚያስ?»

«ሪስታርት አደረጉኝ። አሁን እነሱ ያውቁኛል፤ እኔ ግን አላውቃቸውም።»

ከግድግዳው ወርጄ ሮጥኩ። ውጭ ከተማው በጎኑ ዞሮ ጠበቀኝ። አስፋልቱ ወደ ሰማይ ቆሟል፤ ታክሲዎች ሽቅብ ይበርራሉ። አንዱ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል «አለ» ያለ ሁሉ በመስኮቱ ቁልቁል ወረደ። ማንም አልጮኸም። እኔም «አለ» አልኩ።

ያረፍኩት የአባባ ጠረጴዛ ፊት ነው። ወጣት ሆነዋል፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዘዋል። የሰዉን ሁሉ እይታ የሚያስተካክሉት እሳቸው ነበሩ፤ ፓስዎርዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

«አባባ፣ እኔንም ያስተካክሉኝ።»

«ምን ማየት ትፈልጋለህ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ማሳየት የሚችል የምስል ካርድ የለህም ልጄ። አንዱን ምረጥ።»

ብዙ አሰብኩ። የማላያቸው ነገሮች ሁሉ ቀድመው አሳዘኑኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ነግቷል፤ ወፍራሙ መጋረጃ ግን እንደተዘጋ ነው። አባባ ኮምፒውተሩ ፊት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማሽኑ በርቶ ያጉረመርማል፤ ስክሪኑ ግን ድፍን ጨለማ ነው። አንዲት ፊደል የለችበትም።

«መቼ ተነሡ?» አልኳቸው።

«ቆየሁ» አሉ፤ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። «ጨርሶ ጠፋ ልጄ። እንቅልፍህን ላለመረበሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ዓይናቸውን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

«ዓይንዎ አይደለም አባባ። ስክሪኑ ነው፤ ማታ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ወደ ድምፄ ዞሩ።

«አታባብለኝ» አሉ በቀስታ።

ተነሥቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። አባባ ከፀሐዩ ብርሃን ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ።